ልምድ ያለው ጭነት አሳሪ ለምን ይፈተናል?

ለአሥራ አምስት ዓመታት በክሬን የሚነሳ ጭነት ሲያስርና ለኦፕሬተሩ በእጁ ምልክት ሲሰጥ የኖረ ሠራተኛ «የምስክር ወረቀት ለማግኘት ተፈተን» ቢባል ቅር መሰኘቱ አይቀርም። «አንድም ቀን ገመድ ተበጥሶብኝ አያውቅም» ሊል ይችላል። ለመሆኑ ይህ ማስረጃ ምን ያህል ያስተማምናል? መልሱን ለማግኘት በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የተማርነውን የኃይሎች ሚዛን ማስታወስ ይበቃል።

1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ጥቅል በሁለት እኩል ገመዶች ከአንድ መንጠቆ ላይ ተንጠልጥሏል እንበል። ብዙዎች እያንዳንዱ ገመድ 500 ኪሎ ግራም ይሸከማል ብለው ይገምታሉ። ይህ እውነት የሚሆነው ገመዶቹ ቀጥ ብለው ቢቆሙ ብቻ ነው። ከአግድሙ ጋር የሚሠሩት ማዕዘን 60 ዲግሪ ሲሆን በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ውጥረት ወደ 577 ኪሎ ግራም፣ በ45 ዲግሪ ወደ 707፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 1,000 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በ10 ዲግሪማ ከ2,800 ይበልጣል። ምክንያቱም ክብደቱን የሚሸከመው የውጥረቱ ቋሚ ክፍል ብቻ በመሆኑ ነው፤ አግድሙ ክፍል ጭነቱን ከግራና ከቀኝ ከመጭመቅ በቀር ለማንሳቱ የሚረዳው ነገር የለም።

ታዲያ ይህን ሳያሰላ የኖረው ሠራተኛ ገመዱ እንዴት አልተበጠሰበትም? የሽቦ ገመድ ሲሠራ ከተፈቀደለት ጭነት አምስት እጥፍ ያህል እንዲችል ተደርጎ ነው። ስለዚህ ለ500 ኪሎ ግራም የተፈቀደ ገመድ 1,000 ቢጫንበት በዚያው ዕለት አይበጠስም። ስሕተቱ ሳይቀጣ ያልፋል፤ ሳይቀጣ ያለፈ ስሕተት ደግሞ ከጊዜ በኋላ ልምድ ተብሎ ይጠራል። ያ ትርፍ አቅም ግን የተቀመጠው ለገመዱ እርጅናና ጭነቱ በድንገት ሲነጠቅ ለሚፈጠረው ተጨማሪ ኃይል ነበር። ሁሉም የተገናኙ ዕለት ከጭነቱ አጠገብ የሚገኘው ራሱ አሳሪው ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው የግንባታ ክሬኖች ደንብ ለዚህ ጉዳይ ትኩረት ሰጥቷል። ምልክት ሰጪው የቃል ወይም የጽሑፍ ፈተና፣ በተጨማሪም የተግባር ፈተና ማለፍ አለበት፤ የሠራበት ዘመን ብቻውን አያስመሰክርለትም። ከሚፈተንባቸው ነጥቦች አንዱ የክሬኑ ክንድ መታጠፍ ነው። ክንዱ ክብደት ሲያርፍበት ጥቂት ስለሚጎብጥ መንጠቆው ወደ ውጭ ይርቃል፤ ጭነቱም ከመሬት እንደተላቀቀ ወደዚያው ይወዛወዛል። በዚያ በኩል ሰው ካለ አደጋው ግልጽ ነው።

ነባር ሠራተኞችን ማሠልጠን ከጀማሪዎቹ ይልቅ የሚከብድበት ሌላም ምክንያት አለ። የሥራ ጓደኛሞች በጊዜ ብዛት የራሳቸውን የእጅ ምልክት ይፈጥራሉ፤ ኦፕሬተሩ የተቀየረ ዕለት ያ ቋንቋ አይሠራም። በደንቡ መሠረት ኦፕሬተሩ መመሪያ የሚቀበለው ከተመደበለት ምልክት ሰጪ ነው። «ቁም» የሚለው ምልክት ግን፣ ክንድን ወደ ጎን ዘርግቶ መዳፍን ወደ ታች በማድረግ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ፣ በቦታው ካለ ከማንም ሰው ቢመጣ ኦፕሬተሩ የመታዘዝ ግዴታ አለበት።