ሔዋን በመዳብ ሠሌዳ ላይ

የሃይማኖት ሥዕል ሲመለከቱ አስቀድመው የሚያዩት ፊቱን ይሆናል። እስቲ ዛሬ እጅ እጁን ይመልከቱ። ማን ይሰጣል? ማንስ ይቀበላል?

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብሬኽት ዱረር እ.ኤ.አ. በ1504 የሠራው «አዳምና ሔዋን» በብሩሽ የተቀባ አይደለም። የመዳብ ሠሌዳ በስለታም ብረት ይጫራል፤ ጭረቱ በቀለም ይሞላል፤ ከላይ የቀረው ተጠርጎ እርጥብ ወረቀት ይደረብበትና በመጭመቂያ ይታተማል። ከአንዱ ሠሌዳ በመቶ የሚቆጠር ቅጂ ስለሚወጣ፣ ሥዕል ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን አልፎ ወደ ነጋዴውና ወደ እጅ ባለሙያው ቤት ገባ። ልጆች የሚያድጉበት ቤት ነውና አብሮት የገባውን ትምህርት መመርመር ተገቢ ነው።

ሔዋን በአንድ እጇ ፍሬውን ከእባቡ አፍ ትቀበላለች፤ በሌላው እጇ ሁለተኛ ፍሬ ከኋላዋ ይዛለች። ከእግሯ አጠገብ ድመት ተጋድማለች፤ አይጧ ያለችው ወደ አዳም እግር ነው። ድመቷን እንደ ሔዋን፣ አይጧን እንደ አዳም አድርገው የሚተረጉሙ አሉ። ሴቲቱ አዳኝ፣ ወንዱ ታዳኝ መሆኑ ነው። ነገር ግን የአዳም እጅስ? ወደ እርሷ ተዘርግቷል! እንደ እኔ ከሆነ ከድመቷ ይልቅ ይህ እጅ ብዙ ይናገራል። ተታለለ የሚባለው ሰው ለመቀበል ተዘጋጅቶ ቆሟል።

በ1510ዎቹ ደግሞ ሉካስ ቫን ሌይደን የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ «የሴቶች ኀይል» በሚል ስም የሚታወቁ ተከታታይ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎችን አሳተመ። ስሙን ሰምተው ለመደሰት አይቸኩሉ። ኀይል የተባለው ወንድን ማሳት ነው። ሶምሶን በደሊላ ጭን ላይ ተኝቶ ፀጉሩን ያጣል፤ ሰሎሞን በሚስቶቹ ምክንያት ለጣዖት ይንበረከካል። የሚገርመው ኢያኤልም ከነዚህ ጋር መቆጠሯ ነው። ሲሣራን በድንኳን ካስማ የገደለችው ኢያኤል በመጽሐፈ መሳፍንት ምስጋና የተዘመረላት ጀግና ናት። እዚህ ግን ወንድ በእጇ ስለ ወደቀ ብቻ ከአሳቾቹ ተራ ተሰለፈች።

ሠሌዳውን የያዙት ግን ወንዶች ብቻ አልነበሩም። የማንቱዋ ተወላጅ የሆነችው ዲያና ስኩልቶሪ ሙያውን ከአባቷ ተማረች። በ1575 ሮም ውስጥ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ ሥራዎቿን አትማ የምትሸጥበትን ፈቃድ በራሷ ስም አገኘች። ፈቃዱ ሌላው ገልብጦ እንዳይሸጥባት የሚከላከል ስለ ነበር እንጀራዋም ጭምር ነበር። በዚያው ዓመት ካሳተመቻቸው አንዱ፣ በጁልዮ ሮማኖ ንድፍ ላይ ተመሥርቶ፣ በምንዝር ተይዛ ክርስቶስ ፊት የቀረበችውን ሴት ያሳያል። ታሪኩን ያውቁታል፤ ምንዝር ለብቻ አይፈጸምም፤ ለፍርድ የቀረበችው ግን ሴቲቱ ብቻ ነች። ከሳሾቿም አንድ በአንድ ወጥተው ይሄዳሉ።

ዲያና በዚህ ሠሌዳ ላይ ስሟን ቀርጻበታለች።