ለእናትዎ ቤት የትኛው ሴንሰር ይቅደም?

ወናጎ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ለበዓል ከአዲስ አበባ ሲመጣ በራቸው ላይ ገመድ አልባ ሴንሰር ለጠፈላቸው። በሩ ሲከፈት ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፤ ጠዋት ካልተከፈተ ይደውላል። ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም አብሮ ይጠፋል፤ ልጁም በከንቱ ይጨነቃል።

እኔን ቢያማክረኝ ኖሮ በመጀመሪያ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ግዛላቸው እለው ነበር። ብርድ ሲሆን እኚህ እናት ቡና ያፈሉበትን ከሰል መኝታ ክፍል አስገብተው በሩን ይዘጋሉ። «ጭሱ አልቋል እኮ፣ ሲስተር» ይሉኛል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ፍም የሆነ ከሰል የሚያወጣው ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ሲገባ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢንን ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ብዙዎች ጉንፋን ወይም ምች ይመስላቸዋል። የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው ሊሞት ይችላል።

በባትሪ የሚሠራው ማንቂያ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ጋዙ ሲበዛ በኃይል ይጮኻል። ስትገዙ የጭስ ማንቂያ እንዳይሰጧችሁ፤ እሱ ይህን ጋዝ አይለይም። የአገልግሎት ማብቂያ ዓመቱንም ተመልከቱ፣ ውስጡ ያለው ሴንሰር ያረጃል። መሞከሪያ ቁልፉን በየወሩ ተጫኑ፤ አያቶችም ድምፁን ይልመዱት። ሲጮህ ሁሉም ወደ ውጭ ይውጣ፤ ራሱን ያዞረው ሰው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ማንቂያ ተገዛ ተብሎ ግን ከሰል መኝታ ቤት አይገባም። ለጎረቤቴ ልጃቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ጨመረላቸው፤ ምድጃው አሁን በረንዳ ላይ ያድራል።