የአደባባይ ድምፅ በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በኪቦርድና በኮምፒውተር የሚቀነባበር የዘፈን ማጀቢያ ቢሆንም፣ ከዘርፉ ቀደምት ቅርንጫፎች አንዱ የሚነሣው በገበያ፣ በጎዳና ወይም በሰላማዊ ሰልፍ መካከል ከተቀዳ ድምፅ ነው። አቀናባሪው ቅጂውን ይቆራርጣል፣ ይደጋግማል፣ ፍጥነቱን ይለውጣል፣ በማጣሪያ ከፊሉን ያስቀራል። የተቃውሞ ድምፅ በዚህ መንገድ ሲሠራ ሙዚቃም የታሪክ ማስረጃም ስለሚሆን፣ የተቀዱት ሰዎች ክብርና ደኅንነት ከሥራው ውበት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

የዚህ አሠራር ታሪክ ኢትዮጵያንም ይነካል። ግብፃዊው አቀናባሪ ሃሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ በማግኔት የሚይዝ መቅጃ ተውሶ የሴቶችን የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ከዚያም በሬዲዮ ስቱዲዮ ውስጥ ዋናውን ድምፅ እየቀነሰ፣ ከሥሩ ተደብቀው የነበሩትን ረቂቅ ድምፆች እያጎላና ማሚቶ እየጨመረ አዲስ ሥራ አዘጋጀ። ብዙ አጥኚዎች መነሻው ኢትዮጵያ እንደሆነ የሚናገሩለት ዛር በጎንደር ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በከተማዋ ባደረገው ጥናት መዝግቧል። ኤል ዳብም ቆይቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያን የሙዚቃ መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

የፖለቲካ ተቃውሞ ወደዚህ ሙዚቃ በጉልህ የገባው በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው «ካም አውት» በተሰኘ ሥራ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በፖሊስ የተደበደበ ወጣት ጥቁር የሰጠውን ቃል አንድ ቁራጭ በሁለት ቴፕ አስኪዶ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት በጥቂት እንዲዘገይ በማድረግ ንግግሩን ወደ ምት ለወጠው፤ ሥራውም የቀረበው እሱና አብረውት የተከሰሱት ወጣቶች እንደገና እንዲዳኙ ገንዘብ ለማሰባሰብ በተዘጋጀ መድረክ ላይ ነበር። ጣልያናዊው ሉዊጂ ኖኖ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 ከቬኒስ ጎዳናዎች የተቀዳውን የተቃውሞ ሰልፍ ድምፅ ለቴፕ ሥራው ጥሬ ዕቃ አደረገው።

በኢትዮጵያም የደቡብ ጎንደር ደጋ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሆን የካበተ የድምፅ ሀብት አለው። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲከበር ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ሆያ ሆዬ ሲጨፍሩም አውጪው ግጥሙን ሲጥል ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ይመልሱለታል፣ ዱላቸውም መሬቱን እየመታ ምቱን ይጠብቃል። የሰልፍ መፈክርም የሚቆመው በዚሁ የአውጪና የተቀባይ ሥርዓት ላይ ነው። ለምሳሌ በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአዲስ አበባ ይዘውት የወጡት «መሬት ለአራሹ» ሁለት ቃል ብቻ ያለው በመሆኑ በአንድ ትንፋሽ ተብሎ ያልቃል፣ ለእርምጃም ይመቻል፤ አቀናባሪ ቢያገኘው ምቱን ከውጭ ማምጣት አያስፈልገውም።

በዘመናችን መቅጃው በየሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር፣ ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ሰዎች በጥይት በሞቱበት የባሕር ዳር ሰልፍ የተሰማው ድምፅ በሞባይል ስልክ ተቀድቶ በኢንተርኔት ተሰራጭቷል። ሙያውም ቢሆን በአገር ውስጥ አለ፤ ሙዚቀኞቹ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የአገሩን ዜማና መሣሪያ ከኮምፒውተር ቅንብር ጋር በማዋሐድ «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የተባለውን ስልት ለዓለም አስተዋውቀዋል።

ነገር ግን የሰው ድምፅ እንደ ፊቱ ሁሉ ማንነቱን ያሳውቃል፤ በሰልፍ የጮኸን ሰው ከብዙ ሺሕ ድምፅ ነጥሎ ማጉላት ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። ስለዚህ አቀናባሪው ሊያገኘው የሚችለውን ሰው ፈቃድ መጠየቅ፣ ሊያገኘው ያልቻለውን ሰው ድምፅ በብዙኃኑ ድምፅ ውስጥ ማዋሐድ ወይም ቃናውን መለወጥ፣ ከሥራው ጋርም ድምፁ የት፣ መቼና በምን ጥያቄ ምክንያት እንደተሰማ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተደረገ በሟች ቤተሰብ ዘንድ የሐዘን ማስታወሻ የሆነው ጩኸት በሌላ አገር የጭፈራ ቤት ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል፤ ሰልፈኞቹን አደባባይ ያወጣቸው ጥያቄም በሙዚቃው ውስጥ ይጠፋል። አንድን ጩኸት ለሙዚቃ የሚመርጥ አቀናባሪ ጥያቄውን አብሮ የማድረስ ግዴታ አለበት።