ቤሽሬል፦ የፈረንሳይኛ ግሦች መዝገብ

በፈረንሳይ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ ለትውልዶች ያልጠፋ አንድ ቀይ መጽሐፍ አለ፤ ስሙ «ቤሽሬል» ይባላል። ትርጉም አይሰጥም፣ ታሪክም አያወራም። ከዳር እስከ ዳር የግሥ እርባታ ብቻ ነው። ስሙን ያገኘው ከሰዋስው አዋቂው ከሉዊ ኒኮላ ቤሽሬል (1802–1883) ነው። እኚህ ሰው በሉቭር የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1842 ከወንድማቸው ጋር ሆነው እርባታን ለማንኛውም አንባቢ በሚገባ መንገድ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተሙ። ዛሬ አቲዬ የተባለው አሳታሚ በዚሁ ስም የሚያወጣው መጽሐፍ በሺዎች የሚቆጠሩ ግሦችን ይዟል።

በሺዎች ሲባል ጀማሪ ይደነግጣል። መጽሐፉ ግን ይህን ሁሉ ግሥ አንድ በአንድ አያረባም። የሚያረባው አርአያ የሚሆኑትን ጥቂቶቹን ነው። የቀሩት በፊደል ተራ ተደርድረው ከጎናቸው ቁጥር ተጽፎላቸዋል፤ ቁጥሩ አርአያው ወዳለበት ሠንጠረዥ ይመራል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን አሠራር ወዲያው ያውቀዋል። የግዕዝ ተማሪም እያንዳንዱን ግሥ ለብቻው አይሸመድድም፤ ይኸኛው እንደ ቀተለ፣ ያኛው እንደ ቀደሰ ይረባል ብሎ ወደየቤቱ ይመልሰዋል እንጂ።

የፈረንሳይኛ ትልቁ ቤት በ«ኤ» ድምፅ የሚጨርሱት ናቸው፤ እንደ «ፓርሌ»፣ መናገር። ከአሥሩ ግሥ ዘጠኙ ያህል እዚህ ይገባል፣ አዲስ የሚፈጠር ግሥም ከሞላ ጎደል ሁሉ መኖሪያው እዚሁ ነው። ሁለተኛው ቤት የ«ፊኒር» (መጨረስ) ዘመዶች ናቸው። ሦስተኛው የቀሩትን፣ አመለኞቹን፣ ይሰበስባል። ችግሩ በየቀኑ የምንፈልጋቸው መሆን፣ መሄድ፣ ማድረግ፣ መቻልና መፈለግ ሁሉም ከአመለኞቹ ወገን መሆናቸው ነው። ብዙ አፍ የሚመላለስበት ግሥ አሮጌ መልኩን እንደያዘ ይኖራልና ይህ የፈረንሳይኛ ብቻ ጠባይ አይደለም።

ሠንጠረዡ ለዓይን ከሚታየው ይልቅ ለጆሮ ቀላል ነው። «ዠ ፓርል» (እናገራለሁ)፣ «ቱ ፓርል» (ትናገራለህ)፣ «ኢል ፓርል» (ይናገራል)፣ ለብዙም ያው «ኢል ፓርል»። በጽሑፍ መድረሻቸው ይለያያል፣ በአፍ ግን አንድ ናቸው። ተውላጠ ስሙ ከግሡ ፊት የማይቀረውም ለዚህ ነው፤ «እናገራለሁ» ብለን ተናጋሪውን በግሡ ውስጥ የምናስቀምጥ እኛ «ዠ»ን መጣል ይቀናናል። ስለዚህ ፈረንሳይኛን በቃል መጀመር ይሻላል እላለሁ። ጽሕፈቱ በኋላ ይደርሳል።

ተማሪን ሁሉ የሚያደክመው ግን ኃላፊ ጊዜ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ፈረንሳይኛን የሚማረው በእንግሊዝኛ በኩል አድርጎ ነው፤ ይህ ደግሞ የሌለበትን ጭንቀት ያመጣበታል። ፈረንሳይኛ ያለቀውን ድርጊት («ፓሴ ኮምፖዜ») ሲደረግ ከነበረው («አምፓርፌ») አጥብቆ ይለያል። አማርኛም ይለያል! «አነበብኩ» በፈረንሳይኛ «ዤ ሉ» ነው፤ «አነብ ነበር» ደግሞ «ዠ ሊዜ»። «ይበርድ ነበር»፣ «እወድ ነበር»፣ «ልጅ ሳለሁ እዚያ እኖር ነበር» የሚሉት ሁሉ አምፓርፌ ናቸው። «ሦስት ዓመት እዚያ ኖርኩ» ሲሆን ግን ፓሴ ኮምፖዜ ነው። ማወቅን እንውሰድ፦ «ዠ ሳቬ» ማለት አውቅ ነበር፣ «ዤ ሱ» ማለት አወቅሁ ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ያቀርብና ልዩነቱን ይሸፍንብናል። ባብዛኛው «ነበር» ባለበት አምፓርፌ አለ ብሎ የጀመረ ተማሪ እምብዛም አይሳሳትም።

አሠራሩም ይመሳሰላል። «አንብቤያለሁ» ስንል ቦዝ አንቀጹን «አንብቤ»ን ከ«አለሁ» ጋር እያጣመርን ነው። «ዤ ሉ»ም ጥንድ ነው፤ «ዤ» የመጣው «አለኝ» ከሚለው ረዳት ግሥ ነው። ድርጊቱን አንድ እርምጃ ወደኋላ ለመግፋት «አለሁ»ን በ«ነበር» ተክተን «አንብቤ ነበር» እንላለን። ፈረንሳዩም ዋናውን ግሥ ሳይነካ ረዳቱን ብቻ ወደ አምፓርፌ ይለውጥና «ዣቬ ሉ» ይላል። መሄድ፣ መምጣት፣ መወለድ፣ መሞትና መሰሎቻቸው ግን «አለኝ»ን ትተው «ነኝ» በሚለው ረዳት ይሄዳሉ፤ መምህራን እነዚህን በአንድ ቤት ሥዕል ውስጥ፣ አንዱን በደጃፉ ሌላውን በደረጃው አድርገው ያስጠናሉ።

አምፓርፌን ለማውጣት የአሁኑን ጊዜ «እኛ» ማወቅ ይበቃል። «ኑ ሊዞን» (እናነባለን) ከሚለው መድረሻው ይነሣና «ዠ ሊዜ» ይሆናል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጠው «ኤትር» (መሆን) ብቻ ነው።

አማርኛ የማያግዘን ወደፊት ላይ ነው። «አነባለሁ» ለዛሬም ለነገም ይሠራል፤ ፈረንሳይኛ ግን ለአሁኑ «ዠ ሊ»፣ ለነገው «ዠ ሊሬ» ይላል። ነገ ሊደረግ ያለውን ለመናገር «ዠ ቬ ሊር» ማለትም ይቻላል፤ «ላነብ ነው» እንደምንለው ነው፣ በንግግርም በጣም የተለመደ ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ አለ፣ «ፓሴ ሳምፕል» የሚባል፤ ያለቀን ድርጊት በአንድ ቃል ይናገራል። ከአፍ ጠፍቶ በልብ ወለድና በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይኖራል። አልቤር ካሙ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው «ሌትራንዤ» ልብ ወለድ ትረካውን በዚህ ሳይሆን በአፍ በሚነገረው ፓሴ ኮምፖዜ መጻፉ ያን ጊዜ እንግዳ ነገር ነበር። ጀማሪ ፓሴ ሳምፕልን መናገር አያስፈልገውም። ሲያነብ ግን «እሱ» እና «እነሱ» የሚሉትን መልኮች መለየት ይኖርበታል፤ ትረካ ውስጥ የሚበዙት እነዚህ ሁለቱ ናቸውና።