አሠልጣኝ ገዢ ምን ያያል? ከባቲ ገበያ እስከ አሜሪካ ኮሌጅ

ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ደላላ ግመሉን በቁመናው ብቻ አይገምትም። ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይለያል፤ አስኬዶ እግሩን ያያል፤ ዋጋ የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው እንደ ከብት አይሸጥም። የመራጩ ሥሌት ግን ይመሳሰላል።

በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ሶፍትቦል ውድዋ ተጫዋች ኳስ ወርዋሪዋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒጃሬ ካናዲ ከስታንፎርድ ወደ ቴክሳስ ቴክ ስትዛወር ያገኘችው የአንድ ዓመት ውል 1,050,024 ዶላር ነበር። አሠልጣኞች መጀመሪያ የውርወራዋን ፍጥነት ይለካሉ። ፍጥነት ግን ብቻውን ዋጋ አያወጣም። ኳሷን ካሰበችበት ቦታ ታሳርፋለች? ክንዷን ሳትለውጥ ፈጣኑንና ዘገምተኛውን እያቀያየረች መቺዋን ታሳስታለች? ክፉኛ ከተመታባት በኋላስ ቀጣዩን እንዴት ትወረውራለች? በመጨረሻም የትምህርት ውጤቷ ይታያል።

እኛ ዘንድ ለዚህ ገበያ የሚቀርበው ሩጫ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደው ያሬድ ኑጉሴ በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እየተማረ እ.ኤ.አ. በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ በ3፡27.80 የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደ። ሰዓቱ በር ቢከፍትለትም ያለ ትምህርቱ አይገባም ነበር።

ስለዚህ ከአዲስ አበባ 325 ኪ.ሜ ርቃ በምትገኘው ከሚሴም ሆነ በሰንበቴ፣ ልጁን ወደዚያ ለመላክ በሬ የሚሸጥ አባት ካለ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይመርምር። አንደኛ፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ውጤቱን፤ በከፍተኛው ዲቪዚዮን ለመወዳደር 16 ዋና ዋና ትምህርቶችና ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 አማካይ ይጠየቃል። ሁለተኛ፣ የልደት ቀኑን እውነተኛነት፤ በተቀነሰ ዕድሜ የተገኘ ሰዓት ሲጋለጥ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፣ የነፃ ትምህርቱን ውል፤ ውሉ የሚመጣው በጽሑፍ፣ ከራሱ ከኮሌጁ ነው እንጂ ከአገናኝ አፍ አይደለም።

የሚሊዮን ዶላሩም ወሬ አያታልል። በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ እንደ አገሬው ልጅ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያገኝ የኢሚግሬሽን ሕጉ በቀላሉ አይፈቅድለትም። የእርሱ ትርፍ የተሸፈነለት የትምህርት ወጪና ዲግሪው ነው። ባቲ ላይ ጥርስ ሳያይ የማይገዛ ነጋዴ፣ ለልጁ ሲሆን ወረቀት ሳያይ ገንዘብ ባይቆጥር ይሻለዋል።