ከጠላ ጋን የተገኘ መልስ

በይጁቤ አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ፣ «መምህር፣ የአንድ አባትና የአንዲት እናት ልጆች ሆነን ሳለን፣ ታናሽ እኅቴ ስለ ምን ከሁላችንም ተለየች?» ሲል ጠየቀኝ። ልጅቱ ሐኪሞች ዳውን ሲንድሮም የሚሉት ሁኔታ አላት፤ ጎረቤት ግን «የእናቲቱ ኃጢአት ነው» እያለ ያማ ነበር። መልሱን ስንፈልግ ርቀን አልሄድንም፤ የጀመርነው ከእናቱ የጠላ ጋን ነው።

ጠላ የሚፈላው በእርሾ መሆኑን ባልትና የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቃለች። እርሾ ባለ አንድ ሕዋስ ደቂቅ ፍጡር ነው። ይሁን እንጂ በዘር አወራረስ ረገድ ከሰው ጋር የሚጋራው ነገር ብዙ ነው። ዘር የሚተላለፍባቸው ክሮች ክሮሞሶም ይባላሉ፤ ሰው 23 ጥንድ፣ የጠላ እርሾም 16 ጥንድ አለው። ዘር በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ሚዮሲስ በተባለው አከፋፈል፣ ጥንዶቹ ተለያይተው ለእያንዳንዱ የዘር ሕዋስ አንድ አንድ ይደርሰዋል። እርሾም ምግብ ሲያጣ እንዲሁ ተከፋፍሎ አራት ዘር ያበጃል።

ነገር ግን ጥንዶቹ ከመለያየታቸው በፊት ተጠጋግተው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ይህን ልውውጥ የሚያስጀምረው ስፖ 11 የተባለ ጅን ነው። በ1989 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1997) ስኮት ኪኒ፣ ክሬግ ዢሩና ናንሲ ክሌክነር እርሾን መርምረው፣ ከዚህ ጅን የሚገኘው ፕሮቲን ክሮሞሶሙን እንደ መቀስ የሚቆርጥ መሆኑን አስረዱ። መቁረጥ ጥፋት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የተቆረጠው ክር የሚጠገነው ከጥንዱ ክር ጋር ተያይዞ ስለሆነ፣ ቁርጡ ሁለቱን ያስተሳስራል። ጥማድ በሬ ቀንበር ከሌለው እያንዳንዱ በፈቀደው አቅጣጫ ይሄዳል፤ ልውውጡም ለክሮሞሶም ጥንድ እንደ ቀንበር ነው። ስለዚህ ጅኑ የጠፋበት እርሾ ክሮሞሶሞቹን በትክክል ማካፈል ተስኖት፣ ከዘሮቹ አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጅኑ የጎደላቸው አይጦችም መካን ይሆናሉ። ይኸው ጅን በሰውም አለ።

ወንድማማቾች የማይመሳሰሉበት አንደኛው ምክንያት ይህ ልውውጥ ነው። የታናሺቱስ ነገር? በ1951 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1959) የፈረንሳይ ሊቃውንት ዳውን ሲንድሮም ባለባቸው ሰዎች 21ኛው ክሮሞሶም በሁለት ፈንታ ሦስት መሆኑን ገለጡ። ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በእናት እንቁላል ውስጥ ነው፤ በብዙዎቹም ዘንድ 21ኛው ጥንድ ሳይለዋወጥ የቀረ፣ ወይም በማይመች ቦታ የተለዋወጠ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም ማለት የእናቲቱ ጅን ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ቀንበሩ ሳይጠብቅ የሚቀርበት ጊዜ በማናቸውም ቤት ይደርሳል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጊዜው ነው። በሴት እንቁላል ውስጥ ይህ ልውውጥ የሚፈጸመው፣ ሴቲቱ ራሷ ገና በእናቷ ማሕፀን ሳለች ነው!

ይህን ሁሉ ለእናቱ ስንነግራት ጠላውን መቅዳቷን ትታ፣ «እንግዲያስ መምህር፣ ሳልወለድ በሆነ ነገር ነው ይህን ያህል ዘመን የታማሁት?» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ለበዓል ወደ አገርህ ስትገባ እንዲህ ያለ ሐሜት ብትሰማ ዝም አትበል። ከጠላው ፊት ተቀምጠህ ይህን ንገራቸው።