የኢትዮጵያውያን ስም በሕክምና መጽሔት የዋቢ ዝርዝር ውስጥ

ለሕክምና መጽሔት የሚላክ ጽሑፍ ሁሉ በመጨረሻው ላይ የዋቢ ዝርዝር ይኖረዋል። በዚህም ዝርዝር ጸሐፊው የተመለከታቸው ሥራዎች በማን፣ የትና መቼ እንደ ታተሙ ይገለጻል። ሥራው ቀላል መስሎ ይታያል። ዳሩ ግን ዝርዝሩ የሚዘጋጅበት ደንብ የወጣው የቤተ ሰብ ስም በተለመደበት አገር ስለ ሆነ፣ የቤተ ሰብ ስም የሌለው ሰው ሲገባበት የልጁ ሥራ በአባቱ ስም ይመዘገባል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» የተባለባቸው ካልሆኑ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በአብዛኞቹ የሕክምና መጽሔቶች የሚሠራበት ደንብ የቫንኩቨር ደንብ ይባላል። ስያሜውን ያገኘው በጥር ወር 1978 ጥቂት የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው፣ ወደየመጽሔቶቻቸው የሚላኩት ጽሑፎች አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ስለ ተስማሙ ነው። ስምምነታቸው በ1979 ታተመ፤ የዋቢዎቹን አጻጻፍ ያዘጋጀው ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ነው።

በደንቡ መሠረት እያንዳንዱ ምንጭ በጽሑፉ ውስጥ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ተራ ቊጥር ይሰጠዋል፤ ያው ምንጭ ዳግመኛ ሲመጣ የፊተኛው ቊጥሩ ይደገማል እንጂ አዲስ አይወጣለትም። በዝርዝሩ ውስጥ የጸሐፊው ስም ይቀድማል፤ ቀጥሎ የጽሑፉ ርእስ፣ የመጽሔቱ ስም በታወቀው አሕጽሮት፣ ዓመቱ፣ የቅጹ ቊጥርና ገጾቹ ይከተላሉ። የጸሐፊው ስም የሚጻፈው የቤተ ሰብ ስሙ በሙሉ፣ የራሱ ስም ግን በመነሻ ፊደሉ ብቻ ሆኖ ነው። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል አክሊሉ ለማን (1935–1997) መመልከት ይቻላል። ይህ ሊቅ በ1964 በዐድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ውሃ፣ ብልሃርዝያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ከዚያም እንዶድን በቤተ ሙከራና በሜዳ መርምሮ የጻፈው ጽሑፍ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት፣ በ1970፣ በቅጽ 42፣ ከገጽ 597 እስከ 612 ታትሟል። የዋቢው ዝርዝር ጸሐፊውን የሚጠራው «ለማ አ» ብሎ ነው። ለማ ግን አባትዬው ነው፤ ስለ እንዶድ አልጻፈም። በአገሩ ሰው «ዶክተር አክሊሉ» ይባላል እንጂ «ዶክተር ለማ» ቢባል ሰሚው የሚፈልገው አባቱን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስሙ የተሰየመው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ሁለቱንም ስሞች በተራቸው ይዟቸዋል።

በኢትዮጵያ ልማድ ሁለተኛው ስም የአባት ማስታወቂያ ነው፤ ከትውልድ ወደ ትውልድ አይተላለፍም፤ ሴትም ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም። ስለዚህ ሰውየውን ከሌላው የሚለየው የራሱ ስም ሆኖ ሳለ፣ ደንቡ ወደ አንዲት ፊደል የሚያሳጥረው ያንኑ ነው። «ከበደ አ» ተብሎ የተጻፈው ሐኪም አበበ ይሁን አስፋው፣ ዓለማየሁ ይሁን አልማዝ፣ በምን ይታወቃል? የአሜሪካው ቤተ መጻሕፍት በመዝገቡ የጸሐፊዎችን ሙሉ ስም መያዝ የጀመረው በ2002 ነው፤ ከዚያ በፊት የተመዘገቡት አብዛኛውን ጊዜ በፊደላቸው ብቻ ቀርተዋል።

ከዚህ የሚብስ ጉዳት የሚደርሰው በጥምር ስሞች ላይ ነው። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» የሚሉት ቃላት በግዕዝ ሰዋስው ዘርፍ የሚጠብቁ ናቸው፤ ብቻቸውን አይቆሙም። ገብረ ማርያም የማርያም አገልጋይ ማለት ነው። ጸሐፊው ስሙን በላቲን ፊደል ለያይቶ ከጻፈው፣ ደንቡን ብቻ የሚያውቀው አዘጋጅ የመጨረሻውን ቃል የቤተ ሰብ ስም ያደርገውና «ማርያም ገ» ብሎ ያሰፍረዋል። አገልጋዩ ጠፍቶ እመቤቲቱ የሕክምና ጽሑፍ ደራሲ ሆነች ማለት ነው። በእስላሞች ዘንድም አብዱልቃድር የሚለው ስም ተለያይቶ ሲጻፍ የሚደርስበት ይኸው ነው። የማዕረግ ስምም እንዲሁ ያሳስታል። ከ1961 እስከ 1971 የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት የበርማው ሰው ኡ ታንት ይባሉ ነበር፤ «ኡ» ግን እንደኛው «አቶ» ያለ የአክብሮት ቃል ነው፣ ስማቸው ታንት ብቻ ነበር።

ስሕተት አንድ ጊዜ በዝርዝር ከገባ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚኖረው ከአውሮፓ የመጣ አንድ ታሪክ ያስረዳል። በ1887 የፕራጉ ሐኪም ያሮስላቭ ህላቫ ስለ ተቅማጥ በሽታ በቼክ ቋንቋ ጻፈ፤ ርእሱም «ኦ ኡፕላቪሲ» የሚል ነበር። «ኦ» ማለት «ስለ» ነው፤ «ኡፕላቪሲ» ደግሞ የበሽታው ስም ነው። የጽሑፉ አሳብ በአንድ የጀርመን መጽሔት ባጭሩ ሲወጣ ርእሱ የደራሲ ስም ተደርጎ ተጻፈ። ከዚያም ወዲያ ዋናውን ያላዩ ጸሐፊዎች እርስ በርስ እየተቀባበሉ «ኡፕላቪሲ ኦ»ን እንደ ባለሙያ ሲጠቅሱት ኖሩ፤ በኋላም የዶክተርነት ማዕረግ ተጨመረለት። እንግሊዛዊው ክሊፎርድ ዶቤል ነገሩን አጣርቶ በ1938 ጻፈ፤ ለጽሑፉም በሌለው ሰው ስም ርእስ ሰጥቶ፣ እንደ ሙት መታሰቢያ «1887–1938» የሚል የልደትና የሞት ዘመን አኖረለት። አማርኛ የማያውቅ ሰው «ስለ ተቅማጥ» የሚለውን ርእስ አይቶ አቶ ስለ ተቅማጥ የሚባል ሐኪም አለ ቢል ያው ነው።

የታሪክና የቋንቋ ሊቃውንት ለዚህ መላ አግኝተዋል፤ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን የሚዘረዝረው በራሳቸው ስም ነው። የሕክምና ጸሐፊ ግን ይህን ልማድ በገዛ ፈቃዱ ወደ ቫንኩቨር ዝርዝር ቢያገባ፣ አንባቢው ጽሑፉን በመዝገብ ሲፈልግ ያጣዋል። ስለዚህ በዝርዝሩ «ለማ አ» እንዳለ ይቆይ፤ በጽሑፉ መካከል ግን «ለማ እንዳሳየው» ከማለት «አክሊሉ ለማ እንዳሳየው» ማለት ይገባል፤ ቊጥሩ ከስሙ በኋላ ስለሚቀመጥ ደንቡ አይፈርስም። የራሱን ስም የሚጽፍ ሐኪም ደግሞ ጥምሩን ስም ገጥሞ ወይም በጭረት አያይዞ፣ የላቲኑን አጻጻፍ ከመጀመሪያው ጽሑፉ ጀምሮ አንድ ማድረግ አለበት። ዛሬ ኃይሉ ብሎ በአንድ ፊደል፣ ነገ በሌላ የሚጽፍ ሰው በመዝገብ ሁለት ሰው ይሆናል። ከ2012 ጀምሮ ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አሐዝ መለያ ቊጥር ለወደፊቱ ጽሑፍ ይረዳል፤ ላለፈው ግን ባለቤቱ ካላስመዘገበው በቀር አያገለግልም።

በአማርኛ የታተሙ የጤና ዘገባዎች ሲጠቀሱ ዓመቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። 1962 ዓ.ም. ከመስከረም 1969 እስከ መስከረም 1970 ይደርሳልና ሰባት ብቻ መደመር አይበቃም፤ የታተመበት ወር ከታወቀ ትክክለኛው ዓመት ይጻፋል፤ ካልታወቀ በሽፋኑ ላይ ያለው ዓመት «ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፎ፣ ሁለቱ የአውሮፓ ዓመታት በቅንፍ ይከተሉታል።